የአየር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር

በታመቀ አየር ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ላይ የሚታሰር ማጉያ መነጽር ነው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሎምፒክ በሚካሄደው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር አይፈቀድም፤ በአብዛኛው የሚያገለግለው በመዝናኛ ተኩስና በአደን ነው።

ትልቁ ጠላቱ ርግጫ ነው። ባለሞላው ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ይራገጣል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደፊት ያስፈነጥረዋል፣ ጠመንጃው ወደኋላ ይመጣል፤ ፒስተኑ የሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው ወደፊት ይዘላል። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ወደኋላ የሚመጣውን ምት ይችላል፤ የወደፊቱን ግን ብዙውን ጊዜ አይችልም። መስታወቱ ይላላል፣ መስቀለኛው ክር ይዞራል ወይም ይበጠሳል፣ ማሰሪያው ይንሸራተታል። በተጨመቀ አየር ታንክ የሚሠራው ዓይነት ርግጫው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አፈሙዙን ወደላይ አቁሞ ወይም አጋድሞ ማስቀመጥ መነጽሩን ያበላሻል የሚሉ አሉ። የስበት ኃይል ከርግጫው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ፣ ስጋቱ የተጋነነ ነው። የሚጎዳው ጠመንጃውን በመነጽሩ ላይ አስደግፎ ማስተኛት ነው።

ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘውና በበልግም በክረምትም ዝናብ በሚያገኛት ዲላ፣ እንደ ሌላው የጌዴኦ ዞን እርጥብ ቦታ ሁሉ፣ በአቀማመጥ ረገድ ዋናው ጉዳይ እርጥበት ነው። በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ የከረመ መስታወት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የመስታወቱን ቅብ ከበላው በኋላ መጥረግ አይመልሰውም። መነጽሩን አድርቆ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ዘግቶ፣ አለዚያም አየር በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥ ይመከራል።