የፍልሰተኞች ሕክምና በሸማ ተራ

ሸማ ተራ በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኝ የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት መሸጫ ሰፈር ነው። ጣቃ የሚሸከሙትና ጋሪ የሚገፉት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 መሠረት ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል መኖር ይችላል። በርካሽ ለመታከም ግን የነዋሪነት መታወቂያ ወሳኝ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባላቱን የሚመዘግበው በሚኖሩበት ወረዳ፣ በቤተሰብ ነው። በየሌሊቱ አልጋ እየተከራየ የሚያድር ተሸካሚ እዚህ መዝገብ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል፤ የትውልድ ቀበሌው ካርድ ቢኖረውም ካርዱ የሚያገለግለው ውል በተገባባቸው ተቋማት ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የክትባትና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ለሁሉም በነፃ ይሰጣል። የተሸካሚው ዋና ችግር፣ ማለትም የወገብ ጉዳትና ስብራት፣ ከዚህ ዝርዝር ውጪ በመሆኑ ከኪስ ይከፈልበታል።

በማኅበራዊ ሚዲያ «ሆስፒታሉን የክፍለ ሀገር ሰው አጨናነቀው» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታው የሪፈር ሥርዓቱን ይዘነጋል፤ ለምሳሌ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ታማሚው ወዴት ይሂድ?

ከውጭ አገር ለሚመጡ ስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የጤና አገልግሎት የማግኘት መብትን በግልጽ ደንግጓል። ለአገር ውስጥ ፍልሰተኛ ግን የቀረው ደራሽ ብዙ ጊዜ የአገሩ ልጆች መዋጮ ነው፤ እድርም ቢሆን ቋሚ አድራሻ ይፈልጋል።