የሰኔ ቀን እና የጣራው ቱቦ

አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ድራየራችሁ ከልብስ የሚያወጣው ውሃ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከአንድ ሙሉ ማሽን እርጥብ ልብስ ሁለት ሊትር ገደማ ውሃ ተንኖ ይወጣል። የዛሬው ጽሑፍ የዚህ ውሃ ታሪክ ነው።

ድሮ ልብስ የሚደርቀው ወይ ገመድ ላይ ወይ እሳት ዳር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የኦሃዮዋ ዴይተን ነዋሪ የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ጆርጅ ሳምፕሰን፣ ልብስን ከምድጃ አጠገብ የሚያንጠለጥልና ሥራው ሲያልቅ ገለል የሚደረግ ማድረቂያ ሠርቶ ፓተንት አወጣበት። ቱቦ የሚባል ነገር አልነበረውም። እንፋሎቱ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል፤ መስኮቱ ሲያልበው የቤቱ ሰው አይቶ ይከፍተዋል፣ በቃ።

ከዚያ የሰሜን ዳኮታው ሮስ ሙር መጣ። በዚያ አጥንት በሚሰብር ክረምት ልብስ ደጅ ማስጣት ያንገሸገሸው ሰው ነው፤ ሙቀት ያለው የሚሽከረከር በርሜል ሠራ። የዊስኮንሲኑ ሃሚልተን ፋብሪካ ሐሳቡን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1938 ለገበያ ሲያቀርበው ስሙን «ጁን ዴይ» አለው፣ የሰኔ ቀን ማለት ነው። ለእነሱ ጁን ፀሐይ ነው። የእኛን ሰኔ ለሚያውቅ ሰው ግን፣ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን በሚከርምበት ወር ማድረቂያን መሰየም ትንሽ ያስቃል። አዲስ አበባ ቢመጣ ገዢ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድራየር በየቤቱ ገባ። በብዙ ቤቶች መጀመሪያ የተቀመጠው ምድር ቤት ነበር፤ ቱቦው ከጀርባው ተነስቶ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል፣ ርዝመቱ ቢበዛ ጥቂት ሜትር ነው። ኋላ ግን ልብስ የሚወልቀው መኝታ ቤት ነውና ማጠቢያውም እዚያው ይሁን ተባለ። በዚያ ላይ ብዙ የሰፈር ማኅበራት ገመድ ላይ ልብስ ማስጣትን ከለከሉ፤ ሰፈሩን ያስጠላል ብለው! (ቨርሞንት በ2009፣ ሜሪላንድ በ2010 ይህን ክልከላ የሚገድብ ሕግ አውጥተዋል።) ማሽኑ ወደ ቤቱ መሐል ሲገባ ቱቦውም ተከተለው። ወገኖቻችን በሚበዙባቸው እንደ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ ከተሞች የምናውቃቸውን ታውንሃውሶች ተመልከቱ፤ ግራና ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ማጠቢያው መሐል ላይ ከሆነ የቀረው መንገድ ወደ ላይ ነው፣ በጣራ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤቶች ኮድ፣ ፋብሪካው ሌላ ካላለ በቀር፣ ቱቦው ከ35 ጫማ እንዳይረዝም ያዛል፤ ቀድሞ 25 ነበር። በቀጥታ የሚታጠፍ እያንዳንዱ ክርን 5 ጫማ ይቀንሳል። ሁለቴ ከታጠፈ የሚቀረው 25 ጫማ ነው። ከምድር ቤት ተነስቶ ሦስት ፎቅ አልፎ ጣራ ለሚደርስ ቱቦ ይህ አይበቃም።

የበለጠው ጣጣ ግን ብርዱ ነው። በጥር ሌሊት ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ በረዶ ነው። ሞቃቱ እንፋሎት ያልተሸፈነ ቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ጤዛ ይሆንና ወደ ታች ይመለሳል። ከልብስ የሚረግፈው ጥጥ መሰል ብናኝ እርጥቡ ላይ ይለጠፋል፣ ይደራረባል፣ እንደ በርኖስ ይወፍራል። ልብሱ በአንድ ዙር መድረቁ ይቀርና ሁለት ዙር ይፈልጋል፤ ሰው ግን ማሽኑ አረጀ ብሎ አዲስ ይገዛል። ብናኙ ሲደርቅ ደግሞ ለእሳት ጭድ ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ባለው መረጃ በዓመት በአማካይ 2,900 የድራየር ቃጠሎ፣ 5 ሞትና 100 ጉዳት መዝግቧል፤ ዋነኛው ምክንያት አለማጽዳት ነው።

ጣራ ላይ የሚወጣ መርማሪ መጀመሪያ የሚያየው ክዳኑን ነው። ማሽኑ ሲሠራ ይከፈታል? ወንፊት ተገጥሞበታል? ወንፊት ለነፍሳት መከላከያ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ብናኙን ስለሚይዝ ኮዱ ይከለክለዋል። ወፍ ጎጆ ሠርታበት ይሆን? ከዚያ ከኮርኒሱ በላይ ይገባል። መጋጠሚያው ተላቆ እንፋሎቱ እዚያው የሚተፋ ከሆነ የጣራው ኮምፔንሳቶ ጠቁሮ ሻግቶ፣ የሚስማሮቹ ጫፍ ዝጎ ያገኘዋል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ሲታይ ብዙዎች ጣራው አፈሰሰ ብለው ጣራ ሠሪ ይጠራሉ፤ ጣራ ሠሪውም ደስ ብሎት ይመጣል።

ግን ማን ወጥቶ ያየዋል? በብዙ ታውንሃውስ ጣራው የማኅበሩ፣ ቱቦው የባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም አይወጡም። ቤት ስትገዙ የምትቀጥሩት መርማሪም የታወቁት የሙያ መመሪያዎች ጣራ ላይ እንዲራመድ አያስገድዱትም፤ ከመሬት ሆኖ ቢያይ ይበቃዋል። በሪፖርቱ ስለ ድራየሩ ቱቦ «አልታየም» የሚል መስመር ካገኛችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሚወጣ ሰው ፈልጉ።