ከነፋስ ስልክ እስከ ርቀት ውክልና፤ ከሩቅ ስለ ማዘዝ የተነሡ ቃላት ታሪክ

ሳሪስን ከሚያዋስኑት ሠፈሮች አንዱ ነፋስ ስልክ ይባላል። ስሙን ያገኘው በዚያ ከቆመው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ዛሬ የታክሲው ረዳት ስሙን ሲጣራ፣ ተሳፋሪውም ሲሰማ፣ ይህ ቃል አንድ ጊዜ የቴክኒክ ስያሜ እንደ ነበረ የሚያስብ ጥቂት ነው። በስያሜ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ግን በዚህ ቃል አጠገብ ቆም ማለት ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አዲስ ነገር፣ ማለትም አንድ ሰው ከጠረጴዛው ሳይነሣ በሌላ ስፍራ ያለን ኮምፒውተር የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ስም ሲፈለግለት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንለትም።

«ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። የአገራችን ቴሌኮሙኒኬሽን ዕድሜውን የሚቆጥረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ሥራ ከተጀመረበት ከ1894 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ነው። ሕዝቡ መሣሪያውን የጠራው በመንገድ ዳር ተዘርግቶ ባየው ሽቦ ስም ነው፤ አነጋጋሪው ሣጥን በሽቦው ስም ተጠራ። ቀጥሎ ሽቦ የማያስፈልገው መጣ። ዐረቡ «ላሲልኪ» አለው፣ ሽቦ የሌለው ማለቱ ነው፤ ፈረንሳዩም እንዲሁ «ያለ ሽቦ» ብሎ ሰየመው። ሁለቱም ነገሩን የጠሩት በጎደለው ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን ሽቦውን አልነጠቀውም፤ ነፋሱን ራሱን ሽቦ አድርጎ «ነፋስ ስልክ» አለ። መልእክቱ በምን እንደሚሄድ የሚያስረዳ ስም ነው። ዛሬ በየጽሑፉ የምናየው «ሽቦ አልባ» ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ የደረቀ ትርጉም ነው። በ1920ዎቹ አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከሳሪስ ወዲያ በአቃቂ ትልቁን የራዲዮ ጣቢያ ሠራ፤ በጣልያን ወረራ ዋዜማም የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ለዓለም የተሰማው ከዚያ ነበር። «ራዲዮ» የሚለው ቃል እየሰፋ ሲሄድ ነፋስ ስልክ ከቴክኒክ ቃልነት ወጥቶ የሠፈር ስም ሆኖ ቀረ።

ወደ አዲሱ ነገር እንመለስ። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በተሰለፉት ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ጋራዦች ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ አልከፍት ሲላት ባለሙያው አስፋልቱን አቋርጦ አይመጣም። «ኤኒዴስክ ክፈቺና ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ልግባልሽ» ይላታል። የነዚህ ፕሮግራሞች ልደት አጭር ታሪክ ነው። በካምብሪጅ የሚገኘው የኦሊቬቲ ምርምር ቤት ቪኤንሲን ለሕዝብ ያቀረበውና ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨርን ያወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቲምቪወር በ2005፣ ኤኒዴስክ በ2014 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ተነሡ።

ለቋንቋ አጥኚ ከፕሮግራሞቹ ይልቅ የሚደንቀው የባለሙያው አነጋገር ነው። «ልግባልሽ» ሲል «-ል-» የምትለዋ ምእላድ ድርጊቱ ለተጠቃሚው ጥቅም መሆኑን ታመለክታለች። ይህች አንዲት ድምፅ ወደ «-ብ-» ብትለወጥ «ገባብሽ» ይሆናል፤ ያው ግሥ፣ ያው በር፣ ያው ኮምፒውተር ሲሆን ድርጊቱ ግን ወረራ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚታየውም ልክ ይኸው ነው፤ የረዳት ቴክኒሻንና የሌባ እጅ በማያ ገጹ ላይ አንድ ዐይነት ቀስት ያንቀሳቅሳሉ። የባንክ ወይም የትልቅ ኩባንያ ሠራተኛ ነኝ ብሎ እየደወለ ፕሮግራሙን የሚያስጭን አጭበርባሪ በብዙ አገሮች የታወቀ ሆኗል፤ እሱም «ልርዳዎት» ነው የሚለው። ስለዚህ የምንመርጠው ስም ለመዝገበ ቃላት ማሟያ ብቻ አይደለም። ቁጥሩን የምትልከው ሴት ምን እየሰጠች እንደ ሆነ ከስሙ ልታውቅ ይገባል።

እስካሁን የቀረቡት ስሞች ይህን አያሳውቁም። «ሪሞት» በከተማው አነጋገር የቴሌቪዥኑ መለወጫ ነው፤ ከሶፋ ሥር የሚጠፋ ዕቃ እንጂ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። «የርቀት መቆጣጠሪያ» የሚለው በጽሑፍ በሰፊው ይሠራበታል፤ ነገር ግን «ተቆጣጠረ» ከ«ቆጠረ» የሚወለድ ሆኖ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የሌላውን ሥራ ማየትና መመርመር ነው። ተቆጣጣሪ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ሪፖርት ያቀርባል፤ በሠራተኛው ስም ግን አይፈርምም። በዚህ ፕሮግራም የገባ ሰው ግን በባለቤቱ ስም ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ገንዘብ ያስተላልፋል፤ ኮምፒውተሩም የባለቤቱ እጅ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

በሌለበት ሰው ስም መሥራትን አማርኛ ከጥንት ያውቀዋል። «እንደራሴ» የሚለው ቃል አወቃቀሩ ራሱ ውል ነው፤ «እንደ እኔ ቁጠሩት» የሚል የሹመት ቃል ነው። በ1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ የተሰየሙት «ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ» ተብለው ነበር፤ «ባለ ሙሉ ሥልጣን» የሚለው ቅጽል መጨመሩም ሥልጣኑ ሙሉ ያልሆነ እንደራሴ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። ለዕለት ጉዳይ ግን እንደራሴ እጅግ የከበደ ነው። ቀለል ያለውና ሳሪስ ያለ ማንኛውም ነጋዴ ከውልና ማስረጃ የሚያውቀው «ውክልና» ነው፤ እርሱም እንደ ስልክ ከዐረብኛ የገባ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ይደነግገዋል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይፈቅዳል፤ ቤት ለመሸጥና ይህን ለመሰለው ሥራ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሕጉ ለሰው ያወጣውን ይህን ልዩነት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራበት ጥቂት ነው። ማተሚያ እንዲያስተካክል የተጠራ ሰው የሒሳብ መዝገቡን ሁሉ የሚከፍት ሥልጣን ሊይዝ አይገባውም። እኛ እንግዲህ «ርቀት ውክልና» የሚለውን እናቀርባለን፤ የሚታዘዘው «ወካይ ኮምፒውተር»፣ የሚያዝዘውም «ተወካይ ኮምፒውተር» ይባል።

ለጥበቃው የሚያስፈልጉትም ቃላት ከመንገድና ከግቢ የመጡ ናቸው። «የይለፍ ቃል» አሁን የተለመደ ሆኗል፤ ከሰዋስው አንጻር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። «ይለፍ» ስለ ሦስተኛ ሰው ለዘበኛው የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ የያዘው ሁሉ ያልፋል፣ ዘበኛው የተሸካሚውን ማንነት አይጠይቅም። የይለፍ ቃል ብቻውን ደካማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእጅ ስልክ የሚደርሰው ሌላ ቁጥር የሚጨመረውም ለዚሁ ነው፤ ይህንን «ሁለተኛ ምስክር» ብንለው ባላገሩም ይረዳዋል። «ፋየርዎል»ን «የእሳት ግድግዳ» ያሉ ተርጓሚዎች አሉ። ግድግዳ ማንንም አያሳልፍም፤ ይህ ግን እየመረመረ የሚያሳልፍና የሚመልስ ነው፤ ስሙም ለነጋዴ ሁሉ የታወቀው «ኬላ» ነው።

የዊንዶውስ ርቀት ውክልና የሚጠብቀው በ3389ኛው በር ነው። ይህን በር ያለ ኬላ ለዓለም ከፍቶ የሚያድር መሥሪያ ቤት ቁጥር የተጻፈበት በር አሳይቶ ሌባን እንደ መጥራት ያህል ነው፤ በሩን የሚያንኳኩት ሰዎች ሳይሆኑ ሌሊት ከቀን የማይደክሙ ፕሮግራሞች ናቸውና። በግንቦት 2011 ዓ.ም. (2019 እ.ኤ.አ.) ብሉኪፕ የተባለው ጉድለት በዚህ አገልግሎት ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ካቆመለት ቆየት ላለው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማስተካከያ አውጥቷል፤ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚያስገባ ጉድለት ስለ ነበር ነው። ከውጭ መግባት ግድ ከሆነ በቪፒኤን አልፎ መግባት፣ ከዚያም የይለፍ ቃሉንና ሁለተኛውን ምስክር ማቅረብ ያስፈልጋል።

«ማኅተም» የሚለውም ቃል ቦታውን አላጣም። በ2016 ዓ.ም. ጥር (2024 እ.ኤ.አ.) ኤኒዴስክ አገልጋይ ኮምፒውተሮቹ መደፈራቸውን ሲገልጽ ፕሮግራሙ የሚታተምበትን የምስክር ወረቀት ለወጠ፤ ደንበኞቹም አዲሱን ቅጂ እንዲጭኑ አሳሰበ። ማኅተሙ የተጠረጠረ ባለሥልጣን አዲስ ማኅተም አስቀርጾ የቀድሞው እንዳይሠራ በአዋጅ እንደሚያስነግር ያለ ነው።

ለ«መሻር» ግን ገና ስም ያልተሰጠው አንድ ጉዳይ ቀርቷል። እነዚህ ፕሮግራሞች ባለቤቱ በሌለበትም ለመግባት የሚያስችል ቋሚ የይለፍ ቃል ይቀበላሉ። ቴክኒሻኑ ሥራውን ጨርሶ ሲሰናበት፣ ሌላ ቀጣሪ ጋ ሲሄድም ይህ ቃል በማሽኑ ውስጥ ይቀመጣል። በሕጉ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽር ይችላል፤ የሰጠው መሆኑን ካላወቀ ግን የሚሽረው የለም። «የሌት ውክልና» ብንለው የሚሉ አሉ፤ «ያደረ ውክልና» የሚለውም ቀርቧል፤ እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ያደረ ዕዳ እንደሚባለው ሁሉ፣ የሰማው ሰው ይህ መቼ ነው የሚነሣው ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋልና።