ከኢስሊ እስከ ካረን፤ የናይሮቢ ሰፈሮችና የጎልፍ ሜዳ ዳር ቤቶች

እንደሚታወቀው ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ቤተሰብ ናይሮቢ እንደገባ ማኅበራችንን አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ሰፈር ብንከራይ ይሻለናል?» ብሎ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «በጎልፍ ሜዳው ኢስቴት ውስጥ የትኛው በኩል ይሻላል?» የሚሉ ወገኖችም አልታጡም። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ማለት የተፈለገው፣ የሰፈሮቹ ታሪክ ሳይታወቅ መልሱ ጎዶሎ ስለሚሆን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ማረፊያ ሆና ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ በቀለም ተከፋፈለች። ቀይ አፈር ያለው፣ ዛፍ የበዛበትና ነፋሻ የሆነው የምዕራብና የሰሜን ከፍታ ለነጮች ሆነ፤ ፓርክላንድስና ንጋራ የሕንዶች ሰፈር፤ በስተ ምሥራቅ ያለው ዝናብ ሲመታው የሚጨቀየው ጥቁር ዋልካ ደግሞ የአፍሪካውያን ድርሻ ሆነ። በ1913 ከተማዋን የመረመሩት የጤና ባለሙያ ሲምፕሰን ሰፈሮች በዘር እንዲለዩ መምከራቸው ነገሩን የሳይንስ ካባ አለበሰው። በጤና ስም ተባለ እንጂ ጥሩው መሬት ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር።

ጎልፍም የገባው በዚሁ በር ነው። ዛሬ ሮያል ናይሮቢ የሚባለው ክለብ በ1906 ተመሠረተ፤ ሣሩ አሁንም ከኪቤራ ጎጆዎች ጋር ይዋሰናል። የሙታይጋ ካንትሪ ክለብ በ1913 የመጨረሻ ቀን በሩን ከፈተ። ለእኛ ርእስ ቅርብ የሆነው ግን የካረን ታሪክ ነው። ዴንማርካዊቷ ደራሲ ካረን ብሊክሰን የምታስተዳድረው የቡና እርሻ ከስሮ በ1931 ሲሸጥ፣ የገዛው የቤት ነጋዴ መሬቱን እየቆራረጠ በሃያ ሃያ ኤከር ቦታ ለገበያ አቀረበው። በ1937 የካረን ካንትሪ ክለብ ከነጎልፍ ሜዳው ተከፈተ። የቡና እርሻ ፈርሶ በሣር ሜዳ ዙሪያ ቤት የሚሸጥበት ዘዴ ለናይሮቢ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

የእኛ ሰዎች በዚህ ሥዕል ውስጥ የት ነበሩ? ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ኬንያ የተሰደዱት በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታቬታ ካምፕ ተቀመጡ እንጂ የከተማዋን ከፍታ አላዩትም። ከ1974 ወዲህ በደርግ ዘመን፣ ከዚያም በ1991 ለውጥ ጊዜ የመጡት ብዙዎቹ ኢስሊ ገቡ። ኪራይ ርካሽ ነው፤ የሞያሌ መኪና እዚያው ይነሣል፤ ቋንቋ የሚያውቅ ጎረቤት አይታጣም። ሥራ የቀናው ወደ ሐርሊንግሃምና ኪሊማኒ ወጣ፤ በተባበሩት መንግሥታት ጊጊሪ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረውም ወደ ሩንዳ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኪያምቡ መንገድ ዊንዘር ጎልፍ ሆቴል ተከፈተ። የቲካ አውራ ጎዳና በ2012 ሲጠናቀቅ ደግሞ የኪያምቡ ቡና መሬት ሁሉ የኢስቴት ማስታወቂያ ተተከለበት፤ 774 ኤከር ላይ የታቀደው ሚጋ አንዱ ነው። ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በ2010 ሕገ መንግሥት መሠረት የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ ነው፤ እሱም ከ99 ዓመት አይበልጥም። ሻጩ «ለዘላለም የእርስዎ ነው» ቢልዎ ፈገግ ብለው ወረቀቱን ለጠበቃ ያሳዩ።

በአንድ ኢስቴት ውስጥ ሰፈር ለመምረጥ ደግሞ ልምድ ያላቸው የሚሉት እንዲህ ነው። ሣሩ ዳር ያለው ቤት ያምራል፣ ዋጋውም ይወደዳል፤ ግን ማለዳ የማጨጃው ሞተር ይቀሰቅሳል። አብዛኛው ተጫዋች ቀኝ እጁ ስለሆነ ያልተሳካች ኳስ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ከመነሻው በስተ ቀኝ ያለ መስኮት ይህን ያውቃል። ማታቱ ከዋናው በር አያልፍም፤ ስለዚህ ከበሩ ሁለት ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት መኪና ለማይነዱ እናቶቻችንና ለቤት ሠራተኛዋ የየቀኑ መንገድ ነው። የውኃ ጉድጓዱና የጄኔሬተሩ ወጪ በሰርቪስ ቻርጅ ውስጥ መካተቱንም መጠየቅ ያሻል።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ኢስሊ ሳለን ለቅሶ ሲሰማ ደረጃውን ወጥቶ መግባት ነበር። በግንብ አጥር ውስጥ ግን አስካሪው የእንግዳ ስም ዝርዝር ይዞ ይጠብቃል፤ ለቅሶ ደራሽ ደግሞ ስሙን አስቀድሞ አያስመዘግብም። አዛውንቶች በር ላይ በፀሐይ ቆመው ስልክ እስኪነሣ የጠበቁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት የኢስቴቱን አስተዳደር፣ ሐዘን ሲደርስ ስንት መኪና ይገባል፣ ድንኳንስ የት ይተከላል፣ እስከ ስንት ሰዓትስ ሰው ማስቀመጥ ይፈቀዳል ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን ጠይቀው ከሣሩ ዳር ይልቅ በዋናው በር አጠገብ ያለውን ተራ ቤት መርጠዋል።