የጋን ማንጠሪያ፦ ለ«ፖት ስቲል» የታሰበ አማርኛ

መካኒሳ አቦ አካባቢ ላለ ሰው «አረቄ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያስታውሰዋል። አንደኛው እዚያው መካኒሳ ያለው የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ ነው። ሁለተኛው ከአርሲ ነገሌ ወይም ከደብረ ብርሃን በጄሪካን ተጭኖ መጥቶ በመለኪያ የሚቀዳው ካቲካላ ነው። ሥራው በመሠረቱ አንድ ነው፦ የፈላውን ነገር አሙቆ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ መልሶ ፈሳሽ ማድረግ። መሣሪያው ግን ይለያያል፤ ለዛሬው ቃላችን መነሻ የሆነውም ይኸው ልዩነት ነው።

ከሞላሰስ አልኮል የሚያወጡ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ረጅም ዓምድ ነው። ዓምዱ ሳያቋርጥ ከአንድ ወገን እየተቀበለ ከሌላው ወገን ከመቶ 96 እጅ የሚደርስ አልኮል ያወርዳል። የአረቄ አውጪዋ ዕቃ ግን በዙር ይሠራል፦ ይሞላል፣ ይፈላል፣ ይጨርሳል፣ አተላው ይደፋና እንደገና ይሞላል። በእንግሊዝኛ ይህን በዙር የሚሠራ ዕቃ «ፖት ስቲል» ይሉታል። የስኮትላንድ ብቅል ዊስኪና የፈረንሳይ ኮኛክ የሚወጡትም በዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? እኛ የሰየምነው ሥራውን ነው፤ «አረቄ ታወጣለች» እንላለን። ከዚህ ተነስተን ዕቃውን «ማውጫ» እንዳንለው በቃሉ መጻሕፍት ቀድመውናል፤ አንባቢው የምዕራፍ ዝርዝር ይመስለዋል። «ማጣሪያ» ደግሞ ወንፊትንና ጨርቅን ያስታውሳል። የሚሻለው «ማንጠሪያ» ነው። ቅቤ ሲነጠር እሳት ከማይፈለገው ይለየዋል፤ የነጠረ ወርቅ ስንልም ሐሳባችን ያው ነው። ስለዚህ በዙር የሚሠራው የጋን ማንጠሪያ፣ የፋብሪካው ደግሞ የዓምድ ማንጠሪያ ቢባሉ ጥንዶቹ ቃላት ልዩነቱን ራሳቸው ይናገራሉ።

ጋን የጠላ ዕቃ ነው፣ አረቄ በጋን አይወጣም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በገጠር እሳት ላይ የሚጣደው ከጋን ያነሰ የሸክላ ዕቃ ነው። ከአፉ ላይ መቃ ወይም ሸምበቆ ይሰካና በጭቃ ይመረጋል፤ የመቃው ሌላ ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠው መቀበያ ይገባል። እዚህ የምናወራው ግን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ስለሚይዝ ዕቃ ነው፤ ከሸክላ ዕቃዎቻችን ለትልቅነቱ ስም የሚሆነው ጋን ነው። «አረቄ» የሚለው ስምም የተገኘው ላብ ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል ነው፤ ከመቃው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ላየ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

አሁን ኤሌክትሪኩን እንጨምርበት። የአርሲ ነገሌ አረቄ ብዙ ማገዶ ይበላል፤ ለአካባቢው ደን መመናመን ከሚጠቀሱት ምክንያቶችም አንዱ ነው። በከተማ እንጀራ መጋገርን ከማገዶ ያወጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ሲመጣም ስሙን አልቀየርንም፣ ምጣድ ምጣድ ሆኖ ቀረ። የኤሌክትሪክ ጋንም እንዲሁ ሊባል ይችላል። ምጣዱ ደግሞ ስም ብቻ ሳይሆን መስፈሪያም ይሰጠናል፤ አንድ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል እንበል።

በዚህ መስፈሪያ 500 ሊትር ድፍድፍ የሚያነጥር ጋን እንለካ። ድፍድፍ ሲፈላ አረፋ ስለሚያነሳ የጋኑ ሩብ ባዶ ይተዋል፤ ስለዚህ ጋኑ 670 ሊትር ገደማ መያዝ አለበት። ድፍድፉ ከመቶ 8 እጅ አልኮል ካለው በውስጡ 40 ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። የመጀመሪያው ዙር ደከም ያለውን ተራ አረቄ ይሰጣል፤ ያ እንደገና ሲነጠር 45 ከመቶ ገደማ የሚደርሰው ዳግም አረቄ ይገኛል። ሁለት ጊዜ ማንጠር ለሚለው ሐሳብ አዲስ ቃል አያስፈልገንም፤ «ዳግም» ከድሮም አለ።

ድፍድፉን ከ20 ዲግሪ ወደ መፍያው ለማድረስ 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ቢሆን ይበልጥ ነበር፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እንዲህ ያለው ድፍድፍም 86 ገደማ ይበቃዋል። 20 ኪሎ ዋት ካለን፣ ማለትም አምስት ምጣድ፣ ለመፍላት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የድፍድፉን ሲሶ በእንፋሎት ለማውጣት ሌላ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም አራት ሰዓት ተኩል ነው። በግድግዳው የሚባክነው ሙቀት ሲታከልበት የአንድ ዙር ሥራ የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል።

ይህን ያህል ኃይል በመኖሪያ ቤት መስመር አይገፋም፤ በ220 ቮልት 90 አምፔር ይሆናል። በስሪ ፌዝ ግን በየመስመሩ ወደ 30 ይወርዳል። ሬዚስታንሱም ቢሆን ምጣድ ሥር እንዳለው ተጠምጥሞ ጠባብ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ድፍድፉ ይይዝና ያርራል፤ ያረረ ሽታ ደግሞ አረቄው ውስጥ ይገባል። በካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ዋት ብቻ እንዲያርፍ ከተፈለገ 20 ኪሎ ዋቱ ግማሽ ካሬ ሜትር ወለል ላይ መበተን አለበት። ለወፍራም ድፍድፍ የሚመረጠው ድርብ ግድግዳ ነው፦ ሬዚስታንሱ በመካከል ያለውን ውሃ ያሞቃል፣ ውሃው ጋኑን።

ድፍድፉ ከፈላ በኋላ ጋኑ የሚበላው ሙቀት ከሞላ ጎደል ሁሉ በእንፋሎቱ ተሳፍሮ ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል። 20 ኪሎ ዋት ለመቀበል፣ ውሃው ከ20 ወደ 50 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቀድለት፣ በሰዓት 570 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ከቧንቧ መጠበቅ አይቻልም፤ ትልቅ ሮቶ ተሞልቶ ውሃው በፓምፕ እየዞረ መቀዝቀዝ አለበት። ውሃው ቢቋረጥ ያልቀዘቀዘ የአልኮል እንፋሎት ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ከአንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይያያዛል። ስለዚህ ውሃው ሲቆም ኤሌክትሪኩን አብሮ የሚያቆም መቆጣጠሪያ ግድ ነው።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ጋኑ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ይኮማተራል፤ አየር የሚገባበት ካጣ ያወረደውን አረቄ መልሶ ይስባል፣ ግድግዳው ስስ ከሆነም ወደ ውስጥ ይጎብጣል። መድኃኒቱ አየር የምታስገባ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናት። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚባለው ለ670 ሊትሩም ይሠራል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ «ዊስኪው በጋን ማንጠሪያ ሁለት ጊዜ የወጣ ነው።» «የጋን ማንጠሪያችን የአምስት ምጣድ ኃይል ይፈልጋል።» ቃሉን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንደ ዋዛ የተናገረ ቴክኒሻን ከተገኘ አማርኛው ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።