የዕረፍት ሰዓት ፎቶግራፍና የከፋ የዕለት ታሪክ

ሰው ከሥራው በኋላ ዕረፍት ያስፈልገዋል። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከዘጋ፣ ወይም የትምህርት ቤቱን የመጨረሻ ደወል ከሰማ በኋላ አንዱ ከወዳጁ ጋር ይጨዋወታል፤ አንዱ መጽሐፍ ያነባል፤ ሌላው በእግሩ ይንሸራሸራል። ከእነዚህ መዝናኛዎች መካከል ፎቶግራፍ ማንሣት አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ይኸውም የሚያነሣውን ሰው ካሳረፈ በኋላ፣ ገና ላልተወለደው ትውልድ ምስክር ትቶ ማለፉ ነው። ይህን ነገር ለማስረዳት ከፋን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፋ ታሪኩ ረዥም፣ የተጻፈለት ግን ጥቂት፣ በፎቶግራፍ የተቀረጸለትም ከዚያ ያነሰ አገር ነው።

ፎቶግራፍ በፓሪስ ለዓለም የተገለጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1843፣ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ወደ ከፋ ዘልቆ ቦንጋን አየ። ጣሊያናዊው የካቶሊክ ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያም ከ1859 እስከ 1861 በከፋ ተቀመጡ። ሁለቱም ያዩትንና የሰሙትን በብዕር ጻፉ። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ሰው የመስተዋት ሰሌዳውን፣ መድኃኒቱንና ጨለማ የሚያደርግበትን ድንኳን ሁሉ ማጓዝ ነበረበትና፣ ይህን የሚችለው መንገደኛ ሳይሆን ሠራዊት ነበር። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መምጣቱም ይህንኑ ያሳያል።

በከፋም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ከፋን ወግቶ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በመስከረም ወር 1897 ተያዘ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲዘምቱ፣ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ ሩስያዊ መኮንን አብሮ ተጓዘ። ይህ ሰው በ1900 በሴንት ፒተርስበርግ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ፎቶግራፎች አስገብቷል። ጦርነቱ በከፋ ላይ ያደረሰውንም ጥፋት ሳይሸሽግ ጽፏል። እንግዲህ የምናውቃቸው የመጀመሪያዎቹ የከፋ ሥዕሎች፣ መንግሥቱ ከወደቀና አገሩ ካዘነ በኋላ የተነሡ ናቸው።

ከቡላቶቪች ቀጥሎ የመጣው ሰው ለነገራችን ይበልጥ ይጠቅመናል። ፍሪድሪክ ቢበር በ1873 በቪየና ከተማ የተወለደ፣ በወጣትነቱ የጫማ ሥራ የተማረ፣ በኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ተራ ሠራተኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባይማርም፣ አፍሪካን የማወቅ ፍቅር ከልጅነቱ ጀምሮ አድሮበት ነበር። በ1905 ከፋ ደርሶ፣ የሕዝቡን ቋንቋ፣ ሥርዓትና የቤት ዕቃ በትጋት መረመረ፤ ሥዕልም አነሣ። የድካሙም ፍሬ በ1920 እና በ1923 በሁለት ጥራዝ ታተመ። ስለ ከፋ የሚያጠና ሰው እስከ ዛሬ ይህን መጽሐፍ ሳይመለከት አያልፍም። አንድ ዝቅተኛ ጸሓፊ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩን ተከትሎ የሠራው ሥራ የአንድ አገር መዝገብ ሆኖ መቅረቱን የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ አንባቢዎቻችን ልብ ብለው እንዲያዩት እንወዳለን። በ1925 እና በ1926 ደግሞ ጀርመናዊው ማክስ ግሩል ጓዶቹን አስከትሎ ወደ ከፋ ተጉዞ፣ ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳትሟል።

ይሁን እንጂ ምስጋናችን እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የዚያ ዘመን የመንገደኞች ሥዕል አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። መንገደኛ የሚያነሣው ለእርሱ እንግዳ የሆነውን ነገር ነው። ሰውየው በፀሐይ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ከሥሩም የነገዱ ስም ይጻፋል እንጂ የራሱ ስም አይጻፍም። በአዲስ አበባም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች፣ ለምሳሌ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ፣ በይበልጥ የታወቁት ቤተ መንግሥቱንና መኳንንቱን በማንሣት ነው። የተራው ሰው ሥዕል በየቤቱ አልበም ተቀብሮ ኖረ። በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የታተመው መጽሐፍ ከእነዚህ አልበሞች ተሰብስቦ ሲወጣ ብዙ ሰው የተደነቀው፣ ሠርጉን፣ መንገዱንና የትምህርት ቤቱን ጓደኛ በማየቱ ነው። ለቦንጋም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢኖራት ምንኛ ደስ ባለን ነበር!

እንግዲህ ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው በቦታው የሚኖረው ሰው ነው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ መንገዱ፣ ማዕዱና በእግሩ ሥር ያለው ቅጠል ይበቁታል።

በመጀመሪያ መንገዱን እንይ። ቦንጋ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ ማለዳ ጉም ከሸለቆው ሲነሣ ተማሪው፣ እንጨት የተሸከመችው እናትና የባጃጁ ነጂ በአንድ ዳገት ላይ ይገናኛሉ። በየቀኑ የሚያየው ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረው ይሆናል። ዳሩ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሱቁ ጽሕፈት፣ የልብሱ ስፌትና የጣራው ክዳን እያንዳንዳቸው ታሪክ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ማዕዱ ነው። የከፋ ንጉሥ ማዕድ ከሕዝብ ዐይን የተሰወረ እንደ ነበር ተጽፏል። የተራው ሰው ማዕድ ደግሞ ማንም ሳያስበው ሳይቀረጽ ቀረ። ሴቶች እንሰቱን ሲፍቁ፣ በጉድጓድ ቀብረው ሲያብላሉ፣ ቆጮውን ሲጋግሩ፣ ቡናውን ቆልተው በጀበና ሲያፈሉ፣ ጥምዙንና ኮረሪማውን ሲወቅጡ ተራ በተራ ያነሣ ሰው፣ በመጽሐፍ የማይገኝ የእጅ ዕውቀት ያቆያል። ከዚህም በላይ የማዕድ ሥዕል ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ ይመሰክራል። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ የሚከለክል ልማድ ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ርዝራዡም ፈጽሞ አልጠፋም። ሥዕል ብቻውን ልማድን አይሽርም። ነገር ግን ዛሬ በአንድነት የቆረሱ ሰዎች ሥዕል ለነገው ልጅ የሚናገረው አለው፤ ከገበታው የጎደለውም ሰው እንዲሁ ይናገራል።

ሦስተኛው ጥቃቅኑን ነገር በቅርብ ማንሣት ነው። በበርሊን የሥዕል መምህር የነበረው ካርል ብሎስፌልት ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ እንዲሆን ቅጠልና እንቡጥ አጉልቶ ሲያነሣ ኖሮ፣ በ1928 በመጽሐፍ ባወጣው ጊዜ ብዙ ሰው ተደነቀ። የከፋ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ሀብት በደጁ አለው። በ2010 ዩኔስኮ በመዘገበው የከፋ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ቡና ያለ ተካይ በዱር ይበቅላል። ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲጥል ነጩ አበባ ይፈነዳል፤ በጥቂት ቀንም ይጠወልጋል። ካሜራ በጣም ሲቀርብ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት እንደ ክር የቀጠነ ስለ ሆነ፣ እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ወይም ነፋስ ቢነካው ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንሺው ተንበርክኮ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። የቀኑ ጭንቀት ከአእምሮው የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ደኑ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ደግሞ ያች አበባ በየትኛው ቦታ እንደ ነበረች የሚያስረዳው ሥዕል ዋጋው ይጨምራል።

ዛሬ ካሜራ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ስላለ፣ የመሣሪያ እጦት ምክንያት ሊሆነን አይችልም። የሚያሰጋን ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ የዓመታት ሥዕል አብሮ ይጠፋል፤ ስም ያልተጻፈበትም ሥዕል እንደ ቀድሞዎቹ መንገደኞች ሥዕል ባለቤት አልባ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሰውን ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፤ ሁለተኛ፣ የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ፤ ሦስተኛ፣ የተሻሉትን በወረቀት አሳትሞ አንዱን ለተነሣው ሰው መስጠት፣ አንዱን በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኖር።

ቢበር ከፋን ለማየት ከቪየና ባሕር ተሻግሮ መጣ። የቦንጋ መምህር ግን ከክፍሉ ወጥቶ ዳገቱን መውረድ ብቻ ይበቃዋል። ከሥዕሉ ጀርባ የሚጽፈውንም ስም ጠይቆ መረዳት አያስቸግረውም፤ የጎረቤቱ ስም ነውና።