ለውዝ (ኦቾሎኒ)

ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ (በሳይንሳዊ ስሙ አራኪስ ሂፖጌያ) ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ፣ በቆላ የሚበቅል የአንድ ወቅት ተክል ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚመረተው በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይ በባቢሌ ዙሪያ፣ እንዲሁም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። በክልሉ አሶሳ ዞን፣ ከሱዳን ወሰን ላይ ያለችው ኩርሙክ ሞቃት ቆላ ናት። ዐረብኛ ተናጋሪዎች ለውዝን «ፉል ሱዳኒ» ማለትም የሱዳን ባቄላ ይሉታል፤ ዐረብኛ በገበያ በሚነገርባት ኩርሙክም ስሙ እንግዳ አይደለም።

ስሙና አመጣጡ

«ለውዝ» የሚለው ቃል በዐረብኛ ሌላ ነገር፣ በዛፍ ላይ የሚያፈራውን አልሞንድ ያመለክታል። በመጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኤርምያስ የተጠቀሰው የለውዝ በትርም የዚያ ዛፍ ነው እንጂ የኦቾሎኒ አይደለም፤ ኦቾሎኒ ግንዱ በትር አይወጣውም። የተክሉ አገር ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ ያመጡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው።

የተክሉ ባሕርይና አስተዳደግ

ሁለት ዓይነት አስተዳደግ አለው፦ አንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሰፋል። እንደየዝርያው ከ3 እስከ 5 ወር ይደርሳል። አስገራሚው ነገር ግን ፍሬው ነው። ቢጫው አበባ የሚያብበው ከመሬት በላይ ነው፤ ራሱን በራሱ ካዳቀለ በኋላ ከሥሩ መርፌ መሰል ዘንግ ይወጣና ወደ ታች አጎንብሶ አፈር ውስጥ ይገባል። ፍሬው የሚያብጠው እዚያ፣ በጨለማ ነው። ሂፖጌያ የሚለው የግሪክ ቃልም «ከምድር በታች» ማለት ነው። ስለዚህ ለውዝ ልል፣ አሸዋማ አፈር ይወዳል፤ በጠጣር መሬት ዘንጉ መግባት ይቸግረዋል፣ ሲነቀልም ፍሬው እየተቆረጠ አፈር ውስጥ ይቀራል። እንደ ዘመዶቹ ሁሉ በሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዝ፣ ከማሽላ ጋር እያፈራረቁ መዝራት መሬቱን ይጠቅማል።

«ሮባ»ን የመሳሰሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች የወጡት በአዋሽ ሸለቆ ከሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

የተክሉ ጥቅም

ከፍሬው ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በከተማ ተቆልቶ በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል፣ ከገብስ ቆሎና ከሱፍ ጋር ይደባለቃል። ለጾም ስለሚሆን ተፈጭቶ «የለውዝ ሻይ» ይፈላል። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሱዳን ባለው ሰፊ ቆላ ደግሞ የተፈጨ ለውዝ ወጥ ማወፈሪያ ነው፤ ሱዳኖች «ደኩዋ» የሚሉት ልቁጥ ከሰላጣና ከሥጋ ጋር ይቀርባል። ሐረጉ ደርቆ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ቅርፊቱም ይነድዳል።

ሻጋታና አፍላቶክሲን

የለውዝ ትልቁ አደጋ በዓይን የማይለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ፤ ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ መኖ ውስጥ ሻጋታ የፈጠረው መርዝ ተገኘ። መርዙ አፍላቶክሲን ተባለ። በሰው ላይ ለጉበት ካንሰር ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ሲሆን፣ መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሻጋታው ፍሬው ገና አፈር ውስጥ ሳለ ሊይዘው ይችላል፤ በተለይ ሰብሉ ሊደርስ ሲል ድርቅ ካገኘው። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ቶሎ ካልደረቀ ይባዛል። ስለዚህ የተነቀለውን ሐረግ ፍሬው ወደ ላይ ሆኖ ፀሐይ እንዲያገኘው መገልበጥ፣ ከነቅርፊቱ አድርቆ ማስቀመጥ፣ የተሰበረውንና የጨረተውን ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ለመፈልፈል እንዲቀል ብሎ ቅርፊቱን በውሃ ማርጠብ የእጅ ድካም ቢቀንስም ለሻጋታው መንገድ ይከፍታል። ተለቅሞ የወጣውም ለልጅም ለዶሮም መሰጠት የለበትም።